«ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ከማለት በፊት

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤
የሴቱን አላውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ይህን ግጥም ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። ግጥሙ እንደሚቆጥር ግን ልብ የሚለው ብዙ አይደለም። «አንድ» ይላል። ያ አንድ ሰው፣ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከመሞቱ ከአራት ቀን በፊት፣ እዚያው መቅደላ ሥር፣ እስላምጌ ከሚባለው ሜዳ ጠርዝ ላይ፣ በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞች በእሱ ትእዛዝ ገደል ተወርውረዋል። እነሱ በቆጠራው ውስጥ የሉም። አልቃሽን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ልቅሶ ቤት የሟች ዕዳ አይዘረዘርም። ተውኔት ግን ልቅሶ ቤት አይደለም።

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ትራጄዲ ለመሥራት የተነሳ የቴአትር ክበብ ከመጀመሪያው የጠረጴዛ ንባብ ጀምሮ የሚጋፈጠው ጥያቄ ይኸው ነው። እጁ በደም የተነከረ ሰው መጋረጃው ሲዘጋ ክብሩን ይዞ ሊቀር ይችላል? ይችላል ባይ ነኝ። ነገር ግን እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንሄድበት መንገድ ወደዚያ አያደርስም። እኛ ጥፋቱን እናሳንሳለን፤ ክፉ አማካሪ እንጨምርለታለን፣ ጠጅ እናጠጣዋለን፣ «ዘመኑ ነው» እናስብለዋለን። ጥፋቱ ባነሰ ቁጥር ግን ጀግናውም አብሮ ያንሳል። ክብሩ የሚተርፈው ጥፋቱ በሙሉ ክብደቱ መድረክ ላይ ሲቀመጥና ሒሳቡን ራሱ ጀግናው ሲናገር ነው።

አርስጣጣሊስ ስለ ትራጄዲ ሲጽፍ መሪው ገጸ ባሕርይ ፍጹም ጻድቅም ክፉም እንዳይሆን፣ የሚወድቀውም በአንድ ትልቅ ስሕተት እንዲሆን ማለቱን የቴአትር ተማሪ ሁሉ ይደግመዋል። ያቺ ስሕተት ሐማርቲያ ትባላለች፤ ቀስተኛ ዒላማውን ሲስት የሚባልበት ቃል ነው። ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ግን ብዙም አይነበብም፤ ለእኛ የሚጠቅመው እሱ ነው። ጠላት ጠላቱን ቢገድል ከሥቃዩ በቀር የሚያሳዝን ነገር የለም፤ ሐዘኔታ የሚነሳው ወንድም ወንድሙን፣ ልጅ አባቱን፣ እናት ልጇን ስትገድል ነው ይላል። ስለዚህ የጦር ሜዳ ሬሳ የቱንም ያህል ቢበዛ የትራጄዲ ጥፋት አይሆንም።

ይህ ሐረር ላይ ቶሎ ይፈተናል። የአገሩን ታሪክ መድረክ ላይ ላውጣ የሚል ጸሐፌ ተውኔት መጀመሪያ የሚያስበው ኢማም አሕመድን ወይም አሚር ኑርን ነው። ኑር ጀጎልን በግንብ አጥሮ አምስት በር ያበጀ፣ የሟች አጎቱን የኢማም አሕመድን ሚስት ባቲ ድል ወንበራን ያገባ፣ መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስን በጦርነት ያሸነፈና የገደለ ሰው ነው። ጥሩ ድራማ ነው፤ ነገር ግን ጠላት ጠላቱን ነው የገደለው። ትራጄዲ የሚፈልግ ሰው ከድሉ በኋላ ያለውን ቢመለከት ይሻለዋል፤ ግንቡ የጠላትን ጦር ሊመክት ተሠራ፣ ረሃብና ወረርሽኝ ግን በር አንኳኩተው አይገቡም። የኢማሙ ነገር ደግሞ ገና ከስሙ ይጀምራል። ጽሑፉ ላይ «ኢማም አሕመድ» ካላችሁ ከተመልካቹ ገሚሱ፣ «ግራኝ» ካላችሁ ሌላው ገሚሱ መጋረጃው ሳይከፈት ፍርዱን ጨርሷል። ፈረስ መጋላ ላይ የምትለጥፉት ማስታወቂያ ራሱ አንደኛው ገቢር ነው ማለት ነው። የሁለቱን ወገን ስም በሁለቱ ወገን ገጸ ባሕርያት አፍ ማስገባትና አዘጋጁ ራሱ በማስታወቂያው ላይ ሰውየው በሚጠራበት ማዕረግ መጻፉ ያዋጣል።

እንግዲህ የሥራውን ዘዴ ለማየት ወደ ሁለት የታወቁ ተውኔቶች እንሂድ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሳቸው የሼክስፒር ማክቤዝና ኦቴሎ ናቸው። የሁለቱም ጀግኖች ነፍሰ ገዳዮች ናቸው፤ ክብራቸው የሚጠበቅበት መንገድ ግን የተለያየ ነው።

ማክቤዝ ጥፋቱን ቀድሞ ይሠራል። ንጉሥ ዳንካን የሚሞተው በሁለተኛው ገቢር ነው፤ የቀረው ሦስት ገቢር በሙሉ መዘዙ ነው። ከግድያው በፊት፣ በአንደኛው ገቢር ሰባተኛ ትዕይንት፣ ማክቤዝ ብቻውን ቆሞ መግደል የሌለበትን ምክንያት ይዘረዝራል፦ ዘመዱ ነኝ፣ ሎሌው ነኝ፣ በዚያ ላይ ቤቴ ያደረ እንግዳዬ ነው፤ በሩን በገዳይ ላይ ልዘጋ ሲገባኝ ቢላዋ ልይዝበት? እንግዳን ቤት አስገብቶ መግደል ምን ማለት እንደሆነ ለሐረርጌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ያ መነባንብ ሒሳቡን አስቀድሞ ስለሚያስቀምጥ፣ ማክቤዝ ሲገድል «አላወቀም» ማለት አይቻልም። ክብሩም ከዚያው ይመነጫል፤ ራሱን አያታልልም።

ሰዓት ለማሳጠር ተብሎ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ መነባንብ ነው፤ ድርጊት የለውም ይባላል። ቀጥሎ የሚቆረጠው የአራተኛው ገቢር ሁለተኛ ትዕይንት ነው፤ የማክቤዝ ጠላት የሆነው የማክደፍ ሚስትና ልጇ የሚገደሉበት። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የልጅ ተዋናይ ማጣት ነው። ሁለቱ ሲወጡ ከአንድ ሰዓት ተኩል የማይበልጥ፣ ሰይፍ የበዛበት ትርኢት ይቀራል፤ ማክቤዝም ሽፍታ ሆኖ ያርፋል። በእናትና በልጁ ትዕይንት ላይ ማክቤዝ አለመኖሩን ልብ በሉ። ደራሲው ሆን ብሎ አርቆታል። ልጁ ከእናቱ ጋር ይቀልዳል፣ ያሾፋል፣ ተመልካቹ ይስቃል፣ ከዚያ ነፍሰ ገዳዮቹ ይገባሉ። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ ታየ፤ ፊቱ ግን ከማክቤዝ ፊት ጋር አልተጣበቀም። ማክቤዝ በአምስተኛው ገቢር ሲመለስ በዚያ ሁሉ ላይ የደከመ ሰው ነው።

አንዲት ዐረፍተ ነገር ደግሞ በፍጹም እንዳትነካ። በመጨረሻው ፍልሚያ ማክቤዝ ማክደፍን ሲያየው መጀመሪያ ሊዋጋው አይፈልግም፤ የአንተ ወገን ደም ነፍሴ ላይ በዝቷልና ተመለስ ይለዋል። ተዋናዩ ይህን በፉከራ ድምፅ ካለው አለቀለት። ዝቅ ብሎ፣ ሰይፉን ወደ መሬት አድርጎ፣ ዕዳውን እንደሚያውቅ ሰው ነው የሚባለው። ከዚያ በኋላ ቢዋጋ አልጠላውም፤ የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም።

ኦቴሎ በተቃራኒው ጥፋቱን የሚሠራው በአምስተኛው ገቢር ማለቂያ ላይ ነው። አራት ገቢር ሙሉ የተጠራቀመ ክብር በአንድ ሌሊት ይወጣል። ስለዚህ እዚህ የሚያስፈልገው ረጅም ጸጸት ሳይሆን ፈጣንና ትክክለኛ ሒሳብ ነው። ሚስቱን ደስዴሞናን በገዛ እጁ አፍኖ ይገድላል፤ ከዳችህ ብሎ ያጎ ያሳመነበት የመሐረቡ ተንኮል ሲገለጥለት እውነቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይወርድበታል። የመጨረሻ ንግግሩ ለእኛ ጸሐፍት ትልቅ ትምህርት ነው። ለመንግሥት ያገለገልኩት አገልግሎት አለ፣ እነሱም ያውቁታል ይላል፤ ወዲያው ደግሞ እሱ ይብቃ ብሎ ይተወዋል። ያ ሁሉ የጦር ሜዳ ገድል ሁለት መስመር ብቻ! ቀጥሎ የሚለምነው ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ምንም እንዳያሳንሱለት፣ በክፋትም እንዳይጨምሩበት ነው።

የእኛ ታሪካዊ ተውኔቶች እዚህ ላይ ነው የሚሰናከሉት። ጀግናው ሊሞት ሲል አገልግሎቱን ሦስት ገጽ ይተርካል፤ ጥፋቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋል። መጠኑን ገልብጡት። ጽሑፉን ይዛችሁ በአንድ ቀለም «ያደረግሁላችሁ» የሚለውን፣ በሌላ ቀለም «ያደረግሁባችሁ» የሚለውን አስምሩ። የመጀመሪያው ከበለጠ የምትሠሩት ትራጄዲ አይደለም፤ የሙት ዓመት መታሰቢያ ነው።

አሁን ወደ ቴዎድሮስ። እሱን የሚመለከት ጽሑፍ ሁሉ ከኮሶ ሻጭ ልጅነት ተነስቶ፣ በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ አስጭኖ፣ ድል በድል እየሄደ መቅደላ ይደርሳል። የመጀመሪያው ስሕተት እዚህ ነው። ድል ክብር አያስቀምጥም፤ ያሸነፈ ሰው ሁሉ የተከበረ አይደለምና። ተመልካች ለጀግናው የሚያስቀምጥለት ስንቅ ጀግናው ዋጋ ከፍሎ የመረጠው ነገር ነው። ለዚህ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለው ጉዞ ከውጊያዎቹ ሁሉ ይበልጣል። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል፤ መንገድ በሌለበት አገር ድንጋይ እየተፈለጠ፣ ገደል እየተጠረበ፣ በሰው ጉልበት ወራት ፈጅቶ ተጎተተ። ንጉሡ ራሱ ድንጋይ ያነሳ ነበር። መድረክ ላይ መድፍ ልሥራ ብላችሁ በጀት አትጨርሱ፤ ኮምፖንሳቶ ተቀብቶ ሲገባ ተመልካች ይስቃል። ገመድ ይበቃል። ከመድረኩ አንድ ጎን ወደ ሌላው የተወጠረ ወፍራም ገመድ፣ ስድስት ሰው፣ ሰባተኛው ንጉሡ፤ የሚጎተተው ነገር አይታይም። ያን ገመድ አትጣሉት፤ በኋላ እስረኞቹ የሚታሰሩበት እሱ ይሁን። ገደል ጠርቦ መንገድ ያወጣ እጅ ሰው ወደ ገደል ሲወረውር ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ ይታያል።

ሁለተኛው የቀኖቹ ነገር ነው፤ ስንቱ ጸሐፊ እንዳለፈው ሳስብ ይገርመኛል። እስረኞቹ የተገደሉት ሐሙስ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ ጸሎተ ሐሙስ። ካህናት የሕዝብን እግር የሚያጥቡበት ቀን። በማግስቱ ዐርብ፣ በስቅለት፣ አሮጌ በተባለው ቦታ ላይ ጦሩ በእንግሊዝ ጥይት ረገፈ። በቀዳም ሥዑር ሽጉጥ አፉ ውስጥ ከተተ፣ መኳንንቱ ደርሰው አዳኑት። በፋሲካ ለእንግሊዝ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ናፒየር ላምና በግ ላከ፣ ስጦታው ግን ዕርቅ አላመጣለትም። ሰኞ ሚያዝያ 6፣ በማዕዶት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችለት ሽጉጥ ራሱን ገደለ። አምስት ቀን፣ አምስት ትዕይንት፤ አቀማመጡ ተሠርቶ ያለቀ ነው። (አሚር ኑር ገላውዴዎስን የገደለበት ቀንም ጸሎተ ሐሙስ እንደነበር ስታዩ ሁለቱን ቀን በአንድ ተውኔት ላገናኝ የሚል ፈተና ይመጣል። እለፉት፤ ግጥጥሞሹ ለወግ እንጂ ለመድረክ አይሆንም።)

የሁለት ሰዓት ተውኔት ከሆነ የገደሉ ትዕይንት በ80ኛው ደቂቃ አካባቢ ይምጣ። የቀሩት 40 ደቂቃዎች ለአራቱ ቀናት ናቸው። በ110ኛው ደቂቃ ካመጣችሁት ተመልካቹ ሳይውጠው ሽጉጡ ይጮኻል፤ ንጉሡም ከፍርድ ያመለጠ ይመስላል። ጨርሶ ከተዋችሁት ደግሞ ከአሮጌ ሽንፈት በኋላ የጻፈው ደብዳቤ፣ ሕዝቤ ግብርና ሥርዓት ስላመጣሁበት ጀርባውን ሰጠኝ የሚለው፣ እውነት ብቻ ይሆንና ጀግናችሁ ሰማዕት ሆኖ ያርፋል። ያው ደብዳቤ ከገደሉ በኋላ ሲነበብ ግን ሌላ ነው፤ ተመልካቹ ቃሉን እየሰማ ገመዱን ያያል።

በመቶ የሚቆጠር ሰው መድረክ ላይ አይገደልም። ሦስት ይበቃል። ሦስቱም ስም ይኑራቸው፣ ስማቸውም አስቀድሞ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይጠራ። በወቅቱ እዚያ ታስረው የነበሩት አውሮፓውያን እንደጻፉት የንጉሡን ቁጣ የቀሰቀሰው እስረኞቹ እንጀራና ውኃ እያሉ መጮኻቸው ነው። ከዚህ የበለጠ ምክንያት አትፍጠሩ። ሤራ ነበረባቸው፣ ሊያመልጡ ነበር ማለት ንጉሡን ማዳን ይመስላል፤ ክብሩን ግን የሚነጥቀው እሱ ነው። እንጀራ የለመነን ሰው ገደለ፤ አለቀ። አንደኛው እስረኛ ቀደም ሲል ገመዱን ከንጉሡ ጋር ከጎተቱት ስድስቱ አንዱ ቢሆን ደግሞ አርስጣጣሊስ ያለው ዝምድና ይሟላል።

አወዳደቃቸውን ለማሳየት ከፍ ያለ መደብ መሥራት አደገኛ ነው፤ ከሁለት ሜትር ከፍታ ሳይለማመድ የሚዘል ተዋናይ ቁርጭምጭሚቱን ይሰብራል። ከመድረኩ ኋላ ጨለማ ይበቃል፤ እስረኛው ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ ወደ ጨለማው ይሄዳል፣ ገመዱ ይከተለዋል፣ ከዚያ ገመዱ ይቆማል። ድምፅ አትጨምሩ። ቀይ መብራትም አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ ዋሽንቱን ተጠንቀቁ። የሙዚቃ ሰዎቻችን ግድያ ባዩ ቁጥር ዋሽንት ያስገባሉ፤ ዋሽንት ደግሞ የሚያለቅሰው መድረኩ ላይ ለቀረው ሰው ነው። ሟቾቹ ሳይለቀስላቸው ገዳዩ ይለቀስለታል። ፉከራም እንዲሁ ሌላ ወጥመድ ነው። ጥሩ ፉከራ ከተሰማ የእኛ ተመልካች ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ አንዳንዱ ብር ይዞ መድረክ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ጀግናው ሕዝባዊ ድጋፍ ያለው ሰው ነው። መከልከል አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ፉከራውን በመጀመሪያው ሰዓት አስገቡት፣ ይጨብጨብለት። ከገደሉ በኋላ፣ በዐርብ ምሽት፣ ያንኑ ፉከራ ቃል በቃል ይድገመው፤ አሁን የሚመልስለት ወታደር የለም። ያጨበጨበው ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል።

የቦታው ነገር ደግሞ አለ። ድሬዳዋ ላይ አዳራሹ ውስጥ ቬንትሌተር ሳይበራ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው አታገኙም፤ ስለዚህ «ጸጥታ» የምትሉት ነገር ሁሉ ከሥሩ ጉርምርምታ አለበት። ከገደሉ በኋላ ያለውን ዝምታ በልምምድ ጊዜ ቬንትሌተሩን አብርታችሁ ለኩት፤ በጸጥታ ክፍል 10 ሰከንድ የሚበቃው እዚህ 20 ይፈልጋል። ዝቅ ተብሎ የሚነገር ቃለ ተውኔት ከኋላ ወንበር እንዲሰማ ተዋናዩ ድምፁን ሳይሆን ተነባቢዎቹን ያጠንክር። ሐረር ላይ ደግሞ የመግሪብን አዛን አስቡ። 11 ሰዓት የጀመረ ትርኢት አዛኑን የሚያገኘው አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ እረፍቱን እዚያ ላይ አድርጉት። አዛን በሚሰማበት ሰዓት ጸሎተ ሐሙስን መጫወት ለማንም አይመችም፤ ተዋናዩም አዛኑን በድምፅ ሊያሸንፍ ሲሞክር በሁለቱም እምነት ነውር ይሆናል።

ቴዎድሮስን የሚጫወተው ሰው ከሐሙስ በኋላ ምን ያድርግ? ንስሐ የሚገባበት መነባንብ ጻፉልኝ ይላል፤ ተዋናይ ሁሉ ይላል። አትጻፉለት፤ ታሪክ ላይ የሌለ ኑዛዜ አፉ ውስጥ ማስገባት ሲሆን፣ ከዚያም በላይ ርካሽ ነው። ድርጊት ስጡት። ቀዳሜ ላይ ሽጉጡን ሲያነሳ ከመድረኩ ፊት ሳይሆን ገመዱ ወድቆ በቀረበት ቦታ ይቁም። ሦስቱን ስሞች ይጥራ፤ ስሞቹን ብቻ፤ እንደ ጦር አለቃ ሠራዊቱን ሲቆጥር። መኳንንቱ ሦስተኛው ስም ላይ ይያዙት። ሰኞ ሲደርስ የሚናገረው ነገር ስለማይቀረው ሞቱ አጭር ይሆናል፤ ሽጉጡ ከአንድ ደቂቃ በላይ በእጁ መቆየት የለበትም። የመድረክ ሽጉጥም ቢሆን ወደ አፍ ወይም ወደ ጭንቅላት አይጠጋ፤ ባዶ ካርቱጅ ከቅርብ ይጎዳል። ዞር ብሎ ይተኩስ፣ ድምፁ ከመጋረጃ ጀርባ ይምጣ።

መጨረሻ ላይ እጅ የሚነሳበት ቅደም ተከተል ቀላል ነገር ይመስላል፤ ልምምድ ላይ ግን ማንም አያስበውም፣ በምረቃው ቀን ዝም ብሎ ይሆናል። በልማድ ትንንሹ ሚና ቀድሞ፣ ጀግናው መጨረሻ ይወጣል፤ ጭብጨባው እየጨመረ ሄዶ ንጉሡ ላይ ይፈነዳል። እዚህ ተውኔት ላይ ንጉሡ ከመኳንንቱ ጋር መሀል ይውጣ። ሦስቱ እስረኞች ገመዱን እንደያዙ ከኋላው ጨለማ ይምጡ፤ ንጉሡን የሚጫወተው ሰውም ቦታ ለቆላቸው ወደ ዳር ይቁም።